ውሎውን የሚወዱት ሥራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጅማና ከአካባቢዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ ዕድሜያቸውም ኑሯቸውም ይለያያል፤ የሚጨንቃቸው ግን አንድ ነገር ነው፦ የምወደውን ሥራ በምን ላውቅ? የሁሉም መልስ የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከውሎ። የሙያ ስም በሠርግና በለቅሶ ሲያስተዋውቁበት ደስ ይላል፤ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት የሚኖረው ግን ውሎው ውስጥ ነው።

«የጅማ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ የትምህርት ክፍል ምርጫ እንሞላለን። አባቴ ሕክምና እንድመርጥ ይፈልጋል። ባዮሎጂም ፊዚክስም አይከብደኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግን የተበላሸ ሬዲዮና ካውያ መፈታታት እወዳለሁ። ጓደኞቼ ‹ባዮሜዲካል ምሕንድስና አለልሽ› ይሉኛል። የትኛውን እንደምወድ ሳልማረው በምን አውቃለሁ?» — ከቆጪ

እኅታችን፣ ሳትማሪው ማወቅ ይቻላል፤ ሳታዪው ግን አይቻልም። ሌሊቱን ሙሉ ብታወጪ ብታወርጂ በዓይንሽ የሚመጣው ነጭ ጋዋንና የምረቃ ፎቶ ነው። አንቺን የሚጠቅምሽ የተራ ቀን ውሎ ነው፤ ምንም የተለየ ነገር ያልተፈጠረበት ቀን።

ለእያንዳንዱ ሙያ ሦስት ሰው ፈልጊ። አንዱ ሥራ ከጀመረ 3 ዓመት ያልሞላው፣ ሁለተኛው ከ10 ዓመት በላይ የቆየ፣ ሦስተኛው ሙያውን ትቶ የወጣ ይሁን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሆኖም ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ የሚናገረው እሱ ነው። ስታገኚያቸው «ሥራ እንዴት ነው?» አትበያቸው። በእኛ አገር የዚህ ጥያቄ መልስ «ተመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ ጨዋነት ነው እንጂ ምንም አይነግርሽም። «ትናንት ከገቡበት ሰዓት እስከ ወጡበት ምን ምን ሠሩ?» ብለሽ ጀምሪ። ቀጥለሽ በየቀኑ የሚደጋገመው የትኛው እንደሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳሰለቻቸው፣ ስንት ሰዓት ከሰው፣ ስንት ሰዓት ከወረቀት፣ ስንት ሰዓት ከመሣሪያ ጋር እንደዋሉ ጠይቂ። 20 ደቂቃ ይበቃል። መልሱን እዚያው ጻፊው፤ ቤት ደርሰሽ ለማስታወስ ብትሞክሪ ትዝ የሚልሽ መስማት የፈለግሽው ብቻ ነው።

ምን እንደምትሰሚ በጥቂቱ እንንገርሽ። የሆስፒታል ባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ማለትም የሕክምና መሣሪያዎችን የሚይዘው ሰው፣ አብዛኛውን ቀን የሚውለው በጥገና ነው። የኦክስጅን ማጎሪያ መሣሪያ የሚያወጣው አየር ከሚጠበቀው 93 በመቶ አካባቢ ንጽሕና ወርዶ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ሲከፈት የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል። በየሳምንቱ መታጠብ የነበረበት ማጣሪያ ነው። ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነው ኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ ላይ መቆየት ሲገባው በበሩ እንፋሎት ያፈሳል፤ ጥፋቱ የበሩ ጎማ መድረቅ ነው፣ ምትኩ ግን አገር ውስጥ ካልተገኘ ወራት ይጠበቃል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ኃይለኛ ጅረት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ይቃጠላል። የቀረው ሰዓት መሣሪያ ሲቆጠር፣ የጥገና መዝገብ ሲሞላ፣ ለነርሶች አጠቃቀም ሲታይ፣ የመለዋወጫ ጥያቄ ሲጻፍ ያልቃል። መፈታታት የምትወጂ ከሆንሽ ግማሹ ውሎ የአንቺ ነው። መጠበቅ መቻልሽን ግን ራስሽን ጠይቂ፤ መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ ፊት መቆም ለእንዳንቺ ዓይነቱ እጀ ፈጣን ከባድ ሊሆን ይችላል።

የሐኪም ውሎ ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት የተኙ ሕሙማንን መዞር፣ የእያንዳንዱን የሕመም ታሪክ ጠይቆ መጻፍ፣ የምርመራ ውጤት ማሳደድ፣ ለአስታማሚ ማስረዳት፣ በተለማማጅ ሐኪምነቱ ዓመት ሌሊት ተረኛ መሆን። የሰውነትን ሳይንስ መውደድ መግቢያው ነው። በሩን አልፎ ለመቆየት ያንኑ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ለሚሰለፍ ሰው በተመሳሳይ ትዕግሥት መጠየቅ ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ወረቀት አውጪና ከእያንዳንዱ ሙያ 10 የየዕለት ተግባራትን ጻፊ። በየአንዳንዱ ፊት «ብደጋግመው ግድ የለኝም»፣ «እችለዋለሁ» ወይም «አልችለውም» በይ። ደስታውን አትቁጠሪ፤ «አልችለውም» ያልሻቸው የት እንደወደቁ እዪ። በወር አንዴ የሚመጣ የማይወደድ ነገር ይታለፋል። በየቀኑ የሚመጣው ግን ሰውን ያስመርራል።

ዕድለኛ ነሽ፤ ሁለቱም ያሉት እዚያው ጅማ ነው። የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ቂቶ ፉርዲሳ ነው፣ የሕክምና ማዕከሉም ከተማው ውስጥ። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርት የሚታወቅ በመሆኑ የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መንደር ይወጣሉ። ከነዚህ ተመላሾች አንዷን ብታናግሪ ከማንኛውም መግለጫ ወረቀት የበለጠ ትረጃለሽ።

ስለ ዝንባሌ መጠይቆችም መጠየቅሽ አይቀርም። በስፋት የሚሠራበት ጆን ሆላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረበው ሐሳብ የተመሠረተው ነው፤ ሰውንም ሥራንም በስድስት ዓይነት ይከፍላል፦ በእጅ የሚሠራ፣ የሚመራመር፣ የኪነ ጥበብ፣ ሰውን የሚረዳ፣ የሚነግድና የሚመራ፣ ሥርዓት የሚይዝ። ለመነሻ ይጠቅማል። ጉድለቱ፣ ሰው የሚመልሰው ከሚያውቀው ሥራ ተነሥቶ መሆኑ ነው፤ ላቦራቶሪ ገብታ የማታውቅ ልጅ ሥራውን እንደምትወድ መጠይቁ አይነግራትም።

ቅጹን ስትሞዪ አንደኛውን ምርጫ በጥንቃቄ ጽፈሽ የታችኞቹን በዘፈቀደ አትሙዪ። ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሆነ አራተኛው ወይም አምስተኛው ሊደርስሽ ይችላል፤ ብዙ ተማሪ የማያውቀው ክፍል ውስጥ ራሱን የሚያገኘው እንዲህ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ ለዓመታት ሳይወዱት ተጎትተው የተማሩት ትምህርት እዚያ ላይ ይገለጣል።

አባትሽን በተመለከተ፣ «አልፈልግም» ብለሽ አትጀምሪ። የጻፍሽውን ወረቀት ይዘሽ፣ ቢቻል አጎትሽ ወይም አባትሽ የሚሰማው ሰው ባለበት፣ «አባዬ፣ ስድስት ሰው ጠይቄ ይህን አገኘሁ» በይው። አባቶች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ልጃቸው ሳታስብ እንዳትወስን ነው። ያሰበች መሆኗን ሲያዩ ንግግሩ ይለወጣል። አንቺም ልብሽን ክፈቺ፤ ከስድስቱ ሰዎች በኋላ ሕክምናውን ራስሽ ልትወጂው ትችያለሽ።

«የ27 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በአንድ የግል ድርጅት 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራው አይጠላም፣ ግን ቀኑ አልሄድ ይለኛል። ቡና እወዳለሁ፤ የቡና ቀማሽ መሆን እፈልጋለሁ። ሥራዬን ትቼ ልግባበት?» — ከሄርማታ

ወንድማችን፣ ለጊዜው አትተው። ቡና መውደድና ቡና መቅመስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልዩነቱን ደግሞ ብዙ ገንዘብ ሳታወጣ ቤትህ ማወቅ ትችላለህ።

መጀመሪያ ምላስህን ፈትን። አንድ ሊትር አፍልተህ ያቀዘቀዝከው ውኃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሟ። በሌላ ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በሦስተኛው አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምር። የቤት ሰው በማታየው ቦታ በሲኒ ቀድቶ፣ ባዶ ውኃም ቀላቅሎ ይስጥህና የትኛው ምን እንደሆነ ተናገር። ካወቅካቸው እያንዳንዱን በእኩል ውኃ አቅጥነህ ድገም። ሁለት ጊዜ ከቀጠነ በኋላም የምትለይ ከሆነ ጥሩ መነሻ አለህ።

ቀጥሎ ወደ ቡናው ሂድ። ለጀበና የምንቆላው ጠቆር ያለው ቡና ለዚህ አይሆንም፤ ቁላቱ በበረታ ቁጥር የቁላቱ ጣዕም የቡናውን ልዩነት ይሸፍነዋል። ለቅምሻ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ውስጥ ቡናማ እስኪሆን ብቻ ይቆላል፤ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ያርፋል፤ የሚፈጨውም ከጀበናው ሸካራ ተደርጎ ከመቅመሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሙቀጫ አንዱን አልሞ ሌላውን ስለሚያሻክር ወፍጮ ያለው ሱቅ አስፈጭ። መጠኑ ለአንድ ሊትር ውኃ 55 ግራም ነው፤ ስለዚህ 200 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ብርጭቆ 11 ግራም። የውኃው ሙቀት 93 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞሜትር ባይኖርህም እንደፈላ ብታፈስስ ልክ ላይ ነህ። ደረቁን ዱቄት አሽት፤ ውኃ ጨምረህ 4 ደቂቃ ጠብቅ፤ ከላይ የተጋገረውን በማንኪያ ሰብረህ አፍንጫህን አስጠግተህ አሽት፤ አረፋውን ጥረግ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ሲሆነው በማንኪያ በኃይል ወደ አፍህ ስበህ ቅመስ፣ ትፋ፣ እየቀዘቀዘም ደጋግመህ ቅመስ። የቡና ጉድለት ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ሲቀዘቅዝ ነው። በዚያ ጠዋት ሽቶ አትቀባ፤ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ምግብም አትብላ።

አሁን ዋናው ፈተና። ሦስት ብርጭቆ ይቀመጡ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ቡና። የተለየውን አውጣ። በቀላሉ ጀምር፦ የታጠበ (እሸቱ ተፈልፍሎ በውኃ የታጠበ) የሊሙ ቡናና ደረቅ (ከነገለባው የደረቀ) የገበያ ቡና። ከዚያ ሁለቱም ደረቅ የሆኑ የጌራና የማና ቡናዎች። 8 ጊዜ ድገመው። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው 2 ወይም 3 ጊዜ ያገኛል፤ 6 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ምላስህ እየሠራ ነው። ከ4 በታች ሆኖ ከሁለት ወር ልምምድ በኋላም ካልተለወጠ ሙያው ያንተ ላይሆን ይችላል። ልምምድ ብዙ ነገር ስለሚያሻሽል በመጀመሪያው ቀን ግን ተስፋ አትቁረጥ።

ይህ ሁሉ የሥራው ጣፋጭ ክፍል ነው። አብሮት የሚመጣውን ደረቁን ውሎ እወቅ። ከመቅመስ በፊት ጥሬ ቡናው ይመረመራል፤ «ልዩ ቡና» ለሚባለው ከፍተኛ ጥራት ላለው ቡና በወጣው መለኪያ ከ350 ግራም ናሙና ውስጥ ጥቁሩ፣ የኮመጠጠው፣ ነፍሳት የበሳው፣ የተሰበረው እየተለቀመ ይቆጠራል። እርጥበቱ ይለካል፤ ከ12 በመቶ ከበለጠ ለሻጋታ የተጋለጠ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ሲኒ፣ ለእያንዳንዱ ጠባይ ነጥብ፤ በስፋት በተለመደው አሠራር ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ልዩ ቡና ይባላል። አዝመራው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲደርስ ናሙናው ይከመራል፤ ያው ማንኪያ፣ ያው ቅጽ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ክረምት ላይ ደግሞ ሥራው ይቀዘቅዛል። አቅራቢው ያመጣው ቡና ዝቅተኛ ደረጃ ሲያገኝ ፊትህ ቆሞ ይከራከርሃል፤ ገንዘቡ ነውና። ያን ጊዜ ነጥብህን በትሕትና ግን ሳትለውጥ መያዝ መቻል ከምላስ ያላነሰ ችሎታ ነው። ጉቦ የሚፈትነው ሙያ መሆኑንም ከወዲሁ አስብበት።

እንግዲህ እንዴት ትግባ? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃድህን ለኅዳር አስቀምጠውና በአጋሮ ወይም በሊሙ በኩል ካሉ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች አንዱ ዘንድ፣ ወይም ቅምሻ ከሚያካሂድ ላኪ ዘንድ፣ ያለ ክፍያ ለመርዳት ጠይቅ። ሲኒ ማጠብና ናሙና መመዘን ቢሰጡህ በደስታ ተቀበል፤ ሙያው የሚጀመረው ከዚያ ነው። ኪው ግሬደር የሚባለው ዓለም አቀፍ የቡና ቀማሽነት ማረጋገጫ ውድ ስለሆነ ምላስህንና ውሎውን ሳትፈትን አትክፈልበት።

አንድ ሌላ መንገድ ደግሞ አለ፤ እኛ በበኩላችን ለአንተ የምንመርጠው ይህን ነው። ሙያህን ይዘህ ቦታህን ለውጥ። የቡና ላኪዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ወጪ በትክክል የሚያሰላ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት እንደሚያስፈልግ ያላወቀ ሒሳብ ሠራተኛ የጣቢያውን ኪሳራ የሚያየው ዘግይቶ ነው። አንተ እሱን እያወቅክ ከገባህ የቅምሻው ክፍል ካንተ ቢሮ አጠገብ ይሆናል፤ በትርፍ ሰዓትህ ትማራለህ፤ ደመወዝህም አይቋረጥም።

መልቀቅ ከመጣ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ። አዲሱ ቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ሊይዝህ ስለሚችል፣ በሙከራው ብትሰናበት እንዳትቸገር የ6 ወር ወጪህን አስቀድመህ አጠራቅም።

«ጅሬን አካባቢ ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሑድ በርጩማ እጠርባለሁ፤ ለዘመድ ስሰጥ ሁሉም ይወደዋል። ‹ለምን አትሸጠውም?› ይሉኛል። ሥራ ካደረግሁት ፍቅሩ እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ።» — ከጅሬን

ፍርሃትህ ልክ ነው። አውቀህ ከገባህበት ግን ልታስወግደው ትችላለህ። የትርፍ ጊዜ ሥራ ኑሮ ሲሆን ሦስት ነገር ይጨመርበታል፦ ብዛት፣ ቀጠሮና የሌላ ሰው ምርጫ። ስጦታ ሲሆን እያንዳንዱ በርጩማ እንደ እጅህ ይወጣል፤ ደንበኛ ግን «ስድስቱም አንድ ይሁኑልኝ፣ ለዐርብ» ይላል። ስለዚህ ፈተናው ይኸው ነው፦ ቁመታቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ የማይለያይ ስድስት በርጩማ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ። አምስተኛው ላይ እጅህ አሁንም ከፈጠነ፣ ሠራተኛው ነህ። ሦስተኛው ላይ ካስጠላህ፣ ስጦታነቱን ጠብቀው፤ ምንም አያሳፍርም።

ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል በርጩማ ላይ ትልቁ ኪሳራ መሰንጠቅ ነው። የእንጨቱ ውጪ ከውስጡ ቀድሞ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን ገና አብጦ ስላለ ይሰነጠቃል። የግንዱ እምብርት መቀመጫው መሃል ከቀረ ደግሞ ስንጥቁ አይቀሬ ነው ማለት ይቻላል። እምብርቱን አስወጥተህ ቅረጽ። መጀመሪያ ወፍራም አድርገህ አውጣው፤ የተቆረጠውን ጫፍ ሰም ወይም ቀለም ቀባ፤ ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ለወራት አስቀምጥና ከዚያ ጨርሰው። ለጣውላ የሚታወቀው ልክ በየ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ማድረቅ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬ ለመሸጥ የምትጨርሰው እንጨት ከወራት በፊት የተገዛ መሆን አለበት፤ ይህን ሳያስቡ የሚጀምሩ እርጥብ ይሸጡና ደንበኛው ቤት ይሰነጠቃል። ዋንዛ ከተጠበቁት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ስለሆነ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ሻጭ ብቻ ግዛ።

ዋጋ ስታወጣ ሰዓትህን አትርሳ። ለምሳሌ እንጨቱ 400 ብር፣ የብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ 100 ብር፣ ሥራው 9 ሰዓት ቢፈጅና ሰዓትህን 60 ብር ብታስበው፣ ድምሩ 1,040 ብር ነው። ከአምስት አንዱ የሚበላሽ ከሆነ 1,040ን ለ0.8 አካፍል፤ 1,300 ብር። ገበያው ከዚህ በታች የሚከፍል ከሆነ ወይ ሰዓቱን አሳጥር ወይ ሌላ ገዢ ፈልግ። ዘመድ ስለወደደው ብቻ ገበያም ይወደዋል ማለት አይደለም፤ ለአምስት የማያውቁህ ሰዎች ሸጠህ እይ። በየሳምንቱም ለራስህ ብቻ የምትቀርጽበት ግማሽ ቀን ይኑርህ፤ ትእዛዝ የማይገባበት።

«ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም። እሱ መካኒክ እሆናለሁ ይላል። ስሜት ይሁን እውነተኛ ፍላጎት አላውቅም፤ የሰው ዓይንም ከበደኝ።» — አንዲት እናት፣ ከአጋሮ

እናታችን፣ ስለ ሰው ዓይን አይጨነቁ። ሰዎቹም መኪናቸውና ባጃጃቸው ሲቆም የሚፈልጉት ያንኑ መካኒክ ነው።

ፍላጎቱን ለማወቅ ከመመዝገቡ በፊት 6 ሳምንት ጋራዥ በረዳትነት ይግባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አይቁጠሩ፤ አዲስ ነገር ሁሉንም ያስደስታል። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ይመልከቱት። ረዳት ቀኑን የሚውለው ዕቃ በናፍጣ ሲያጥብ፣ ብሎን ሲፈታ፣ ቁልፍ ሲያቀብል ነው። በዚያ መሃል «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» እያለ የሚጠይቅ፣ ማታ ቤት ገብቶ የሰማውን ድምፅ የሚያወራ ከሆነ ፍላጎቱ የእውነት ነው። መንዳቱን ብቻ የሚያወራ ከሆነ የሚወደው መኪናውን ነው፤ ጥገናውን አይደለም።

ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይግባ። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ከፊሉም በሥራ ቦታ የሚሰጥ የትብብር ሥልጠና ስለሆነ በየትኛው ጋራዥ እንደሚመደብ ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቁ። በመጨረሻ በጽሑፍም በተግባርም የሚሰጠውን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። በልምድ ብቻ ያደገ ጎበዝ መካኒክ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በጽሑፉ ነው፤ ልጅዎ ከፈተና ጋር ተኳርፎ ከሆነ ከአሁኑ ይዘጋጅበት።

«ሰቃ ጨቆርሳ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ 9 ዓመቴ። ድሮ የምወደው ሥራ ነበር፤ አሁን ጠዋት መነሣት ራሱ ይከብደኛል። ሙያ ልቀይር?»

መምህርት፣ የጠሉት ሙያውን ይሁን ቦታውን ሳይለዩ አይወስኑ። ለ10 የሥራ ቀናት ትንሽ ደብተር ይያዙ። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ የሠሩትንና ከ1 እስከ 5 ምን ያህል እንደከበደዎት ይጻፉ፤ 5 በጣም የከበደ ነው። ማረም፣ ስብሰባ፣ መንገድ፣ የክፍል ኃላፊነት፣ ሁሉም ለየብቻው ይመዝገብ። ማታ አይጻፉ፤ ማታ ቀኑ ሁሉ አንድ ላይ የከፋ ይመስላል።

በ11ኛው ቀን ይደምሩት። ማስተማሩ 1 እና 2 ሆኖ እርማቱ፣ ስብሰባውና መንገዱ 4 እና 5 ከሆኑ ሙያውን አሁንም ይወዱታል። ያን ጊዜ የሚለወጠው ሌላ ነው፦ የክፍል ድልድል፣ ፈረቃ፣ ትምህርት ቤት ወይም መኖሪያ። እርማት ብቻውን ከሆነ የከበደዎት ደግሞ መፍትሔው ቅርብ ነው፤ በየሳምንቱ ሁሉንም ደብተር ከማረም በየተራው አንድ አራተኛውን ይመልከቱ፣ የቀረውን ተማሪዎቹ መልሱ ሰሌዳ ላይ ተጽፎላቸው እርስ በርስ ይተራረሙ። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ቆሞ ማስረዳቱ ራሱ በየቀኑ 4 እና 5 ከሆነ፣ ከተማሪ ጥያቄም ደስታ ካልቀረዎት፣ ባዮሎጂውን ይዘው የሚሄዱባቸውን ቦታዎች ያስቡ፦ ላቦራቶሪ፣ የጤና ትምህርት፣ የግብርና ምርምር። ከከተማው ዳር መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያወጣ ቦታ ነው፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ከዚያ የወጡ ናቸው። እንዲህ ባሉ ቦታዎች የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን ስለ ትናንት ውሏቸው ይጠይቁ፤ ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን የነገርናት አጠያየቅ ለእርስዎም ይሠራል።

ደብተሩን ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይመልከቱ። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከበዛ፣ ምግብ ካላሰኘዎት፣ ከሥራ ውጭ ይወዱት የነበረውም ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ ይህ የሙያ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። የመንፈስ ጭንቀት ሥራን ሁሉ ያስጠላል፤ በሕክምናም ይሻላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ፤ ደብተሩን ሲሻልዎት ይጀምሩት፤ የመልቀቂያ ደብዳቤም እስከዚያ አይጻፉ።